ውሻና ድመትንም ስኳር ይይዛቸዋል፤ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚያዘው?

ውሻችሁ ሰሞኑን የውሃ ሳህኑን ቶሎ ቶሎ ባዶ እያደረገ ነው? ድሮ ሌሊቱን ችሎ ያድር የነበረው አሁን ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀምሯል? ድመቷስ እየበላች ትከሳለች?

ብዙ ሰው እንዲህ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ውሃውን ማንሳት ነው። ቀጥሎ ደግሞ መቆጣት፣ አንዳንዴም መምታት። ሁለቱም አይጠቅሙም፤ እንዲያውም ይጎዳሉ። እንስሳው ዓመል አውጥቶ ሳይሆን ታሞ ሊሆን ይችላል። ከሚጠረጠሩት በሽታዎች አንዱ ደግሞ ሁላችንም በሰው የምናውቀው የስኳር በሽታ ነው።

አዎ፣ ውሻና ድመትንም ስኳር ይይዛቸዋል። ግን ተይዘዋል ማለት አበቃላቸው ማለት አይደለም። በአግባቡ የተያዘ እንስሳ ለዓመታት እየተጫወተና እየበላ ሊኖር ይችላል። መርፌው ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር ሥርዓቱ ነው፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ምግብ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ተመሳሳይ መጠን። ዛሬ ይህን ከስር መሠረቱ እናስረዳችኋለን።

ሰውነታቸው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የተበላው ምግብ ይፈጭና ስኳር (ግሉኮስ) ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሴሎች እንዲገባ ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያስፈልጋል። ኢንሱሊንን የሚያመርተው ቆሽት ነው። ቆሽት ማምረት ሲያቆም ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን መልስ መስጠት ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሴሎቹ ግን ይራባሉ። እንስሳው እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው፤ ምግቡ ደጃፍ ድረስ መጥቶ በሩ አልተከፈተለትም።

ሽንቱስ ለምን ይበዛል? ኩላሊት በጤናማ ጊዜ ስኳርን ወደ ደም ይመልሳል። በውሻ ላይ የደም ስኳር ከ180 እስከ 220 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ሲያልፍ ግን ኩላሊት ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈስሳል። የድመት ኩላሊት ከዚህ ትንሽ ከፍ እስኪል ይታገሣል። ስኳር ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንስሳው የሚሸናው ብዙ ስለጠጣ አይደለም፤ የሚጠጣው ብዙ ስለሸና ነው። ውሃውን ስታነሱበት ሽንቱ አይቆምም፤ ሰውነቱ ግን ይደርቃል። ስኳር የተጠረጠረበት እንስሳ ውሃ በፍጹም መከልከል የለበትም።

ኢንሱሊን ራሱ የተገኘው በውሻ ነው

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። ውሻው ስኳር ያዘው። የበሽታው ምንጭ ቆሽት መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ ቶሮንቶ ከቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ቆሽታቸው ለተወገደ ውሾች ወግተው ስኳራቸው ሲወርድ አዩ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ይህን መድኃኒት በመወጋት ታሪክ ውስጥ ገባ። ዛሬ በየቤታችን ስኳር ያለባቸው እናቶችና አባቶች የሚወጉት ኢንሱሊን መንገዱን የጀመረው ከውሾች ነው። ውለታው አለብን ማለት ይቻላል።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። የአሳማ ኢንሱሊንና የውሻ ኢንሱሊን የተሠሩበት የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ነው። ለዚህም ነው ለእንስሳት ተብሎ የሚመረተው ካኒንሱሊን (አሜሪካ ውስጥ ቬትሱሊን ይባላል) ከአሳማ ኢንሱሊን የሚዘጋጀው።

የውሻና የድመት ስኳር አንድ አይደለም

የውሻ ስኳር በአብዛኛው በሰው ላይ 1ኛው ዓይነት ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማምረት አቅሙን አጥቷል። ስለዚህ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ኢንሱሊን ይወጋል። ሰዎች የሚውጡት የስኳር ክኒን ለውሻ አይሠራም።

የድመት ስኳር ግን ወደ 2ኛው ዓይነት ይጠጋል። ቆሽቷ መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊን ያመርታል፤ ሰውነቷ ነው የማይሰማው። ውፍረት ትልቁ ምክንያት ነው። ጥሩ ዜናው፣ ቶሎ ተደርሶባት በኢንሱሊንና በትክክለኛ ምግብ የተያዘች ድመት አንዳንዴ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያለ ኢንሱሊን መኖር ትችላለች። ይህ ማለት ግን ለዘላለም ድናለች ማለት አይደለም። ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።

የትኞቹ ይበልጥ ይጋለጣሉ?

• መካከለኛ ዕድሜ ያለፉና ያረጁ እንስሳት።

• ያልመከኑ ሴት ውሾች። ውሻዋ ከደራች በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ሌላ የእድገት ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ ኢንሱሊንን ያደክመዋል። ስኳር የያዛት ያልመከነች ውሻ ብትመክን ስኳሯን መቆጣጠር በጣም ይቀላል።

• ወፍራም፣ ከቤት የማይወጡ ድመቶች፣ በተለይ የተኮላሹ ወንዶች።

• የቆሽት ብግነት የታመሙ ውሾች። እዚህ ላይ የእኛን አገር በዓላት አስቡ። ሁለት ወር ሙሉ የጾም ትራፊ ሲበላ የከረመ ውሻ በፋሲካ ማግስት ጮማና የቅባት ትራፊ በሳህን ይቀርብለታል። ድንገተኛ የቅባት ጭነት ደግሞ በውሻ ላይ የቆሽት ብግነት ሊቀሰቅስ ይችላል። የተደጋገመ ብግነት ቆሽቱን ይጎዳል፤ የተጎዳ ቆሽት ኢንሱሊን አያመርትም።

• ለማሳከክ፣ ለአለርጂ ወይም ለሌላ በሽታ እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ለረጅም ጊዜ የወሰዱ እንስሳት።

ምልክቶቹ

አራቱ ዋና ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ ብዙ መብላት፣ መክሳት። ሽንቱ ስኳር ስላለው ጉንዳን ሲሰበሰብበት ያዩ ሰዎችም አሉ። ይህ ጥርጣሬ ይጭራል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ውሻ ላይ ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ ዓይኑ ነጭ ደመና ይለብሳል። የዓይን ሞራ ነው። ስኳር ካለባቸው ውሾች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ይህ ይገጥማቸዋል። ዓይኑ የጠፋበት ውሻ ግን ቤቱን በሽታና በጆሮ ያውቀዋል። የእቃ ቦታ አትቀያይሩበት፤ ስትቀርቡት ድምፅ አሰሙት።

ድመት ላይ ደግሞ የኋላ እግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በጣቶቿ ትራመድ የነበረችው ድመት ተረከዟን መሬት አስነክታ መራመድ ትጀምራለች። መዝለልም ይከብዳታል። ስኳሩ ሲስተካከል ይህ ቀስ በቀስ ሊሻሻል ይችላል።

ዛሬ ማታ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል ነገር

የውሃውን ሳህን በሚለካ ጠርሙስ ሙሉ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ለኩ። ውሻ በቀን በየኪሎው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ብዙ ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ1 ሊትር በላይ ከጠጣ ማለት ነው። ለድመት በየኪሎው ከ50 ሚሊ ሊትር ገደማ በላይ ከሆነ ብዙ ነው። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። ግን ተጠንቀቁ፤ የኩላሊት በሽታ፣ የማህፀን ኢንፌክሽንና ሌሎች በሽታዎችም ውሃ ያስጠማሉ። ስለዚህ ልኬቱ ወደ ሐኪም እንድትሄዱ ይነግራችኋል እንጂ በሽታውን አይነግራችሁም።

ምርመራው እንዴት ነው?

የእንስሳት ሐኪሙ የደም ስኳርንና ሽንትን ያያል። ሁለቱም ላይ ስኳር በተደጋጋሚ ከተገኘና ምልክቶቹ ካሉ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ድመት ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ድመት ስትፈራና ስትጨነቅ ስኳሯ ለብቻው ይጨምራል። በካርቶን ተጭና፣ ሚኒባስ ውስጥ ጮሃ፣ ክሊኒክ የደረሰች ድመት አንድ ጊዜ ተለክታ «ስኳር አለባት» መባል የለባትም። ፍሩክቶሳሚን የሚባል ምርመራ አለ፤ ያለፉትን አንድ ሁለት ሳምንታት አማካይ የስኳር መጠን ስለሚያሳይ ድንጋጤ አያታልለውም። እሱ ከሌለ ሽንቷን ቤት ውስጥ ተረጋግታ እያለች መመርመር ይረዳል።

ሕክምናው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ ማታም 1 ሰዓት

አብዛኞቹ ውሾችና ድመቶች ኢንሱሊን የሚወጉት በየ12 ሰዓቱ ነው። የኛ አገር ሰዓት እዚህ ላይ ያመቻል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከጀመራችሁ ማታም 1 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ሁለት አላርም ሙሉ፣ አለቀ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ምግቡን ይሰጡታል። መብላቱን ያያሉ። ከዚያ ይወጉታል። ለምን? ያልበላ እንስሳ ሙሉ ኢንሱሊን ከተወጋ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። እምቢ ካለ፣ ግማሹን ትቶ ከሄደ ወይም ካስመለሰ ሙሉውን መጠን አትውጉ፤ ለሐኪሙ ደውሉ።

አወጋጉ ቀላል ነው። ትከሻው አካባቢ ወይም ጎኑ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት እንደ ድንኳን ታነሣላችሁ። መርፌውን ከቆዳው ሥር ታስገባላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ ታወጣላችሁ። መርፌው በጣም ቀጭን ስለሆነ ብዙ እንስሳት ምግብ ላይ እያሉ ልብም አይሉት። ቦታውን በየጊዜው ቀያይሩ። መጀመሪያ ግን ሐኪሙ ፊት ለፊታችሁ ያሳያችሁ፤ እናንተም እሱ እያየ ሞክሩ።

አንዳንዴ መርፌው ቆዳውን አልፎ ወጥቶ መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ይፈስሳል። ወይም «ወግቼዋለሁ ወይስ አልወጋሁትም?» ትላላችሁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትድገሙ። አንድ መርፌ ቢያልፈው ስኳሩ ለጥቂት ሰዓት ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ ቢወጋ ግን ሊሞት ይችላል። ያለፈውን ለማካካስ ብላችሁም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አታድርጉ።

ይሄ ነገር በተለይ ብዙ ሰው ባለበት ቤት ያጋጥማል። እህት ጠዋት ትወጋለች፤ ዘበኛው «አልተወጋም» መስሎት ይነግራል፤ ወንድም ይደግማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ የወጋው ሰው ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ወይም ለቤተሰቡ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፤ የወጋው ሰው «ተወግቷል» ብሎ ይጻፍ።

ያገለገለ መርፌ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል፤ ቆሻሻ የሚያነሡትን ሰዎች ይወጋል። ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ወይም ሌላ ወፍራም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ውስጥ አጠራቅሙና ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ትልቁ ወጥመድ፦ የሲሪንጁ ቁጥር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ኢንሱሊን በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል። ዩ-100 ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ ማለት ነው። ሰው የሚጠቀምበት በአብዛኛው ይህ ነው። ዩ-40 ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ነው፤ እንደ ካኒንሱሊን ያሉ ለእንስሳት የተዘጋጁ ኢንሱሊኖች ይህ ጥንካሬ አላቸው። ሲሪንጆቹም እንዲሁ ይለያያሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሐኪሙ 10 ዩኒት አዘዘ እንበል።

• ዩ-40 ኢንሱሊን በዩ-100 ሲሪንጅ እስከ 10 ቁጥር ብትስቡ የገባው 4 ዩኒት ብቻ ነው። ውሻው አልታከመም።

• ዩ-100 ኢንሱሊን በዩ-40 ሲሪንጅ እስከ 10 ቁጥር ብትስቡ የገባው 25 ዩኒት ነው። ይሄ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ፋርማሲ ውስጥ ቆማችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ። ካልገባችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሐኪሙ ላኩ።

«ታዲያ የእማማ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ እሱን አንወጋውም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እውነት ነው፣ የእንስሳት ሐኪሞች አንዳንድ የሰው ኢንሱሊኖችን ያዝዛሉ፤ ኤንፒኤች ለውሻ፣ ግላርጂን ለድመት። ግን የትኛው ዓይነት፣ ስንት ዩኒት የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የሰው መጠን ለ4 ኪሎ ድመት ሞት ነው። ደግሞም የእማማን መድኃኒት አጉድላችሁ እሷን አታሳምሙ።

ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በር ላይ ሳይሆን መሐል መደርደሪያ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ የዋለም እንደዚያው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ፍሪጁን ሳትከፍቱ ብትጠብቁ ቅዝቃዜው ይቆያል። ከመወጋቱ በፊት ብልቃጡን ማንከባለል ወይም መነቅነቅ ያስፈልግ እንደሆነ ከመድኃኒት መድኃኒት ስለሚለያይ የየራሱን መመሪያ አንብቡ።

ምግቡ

ለውሻ ዋናው ነገር አለመለዋወጥ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመርፌው ጋር፣ ተመሳሳይ ዓይነትና ተመሳሳይ መጠን። ቅባት የበዛበት ምግብ ይቅር። ፋይበር ያለው ምግብ ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ዛሬ ሽሮ ፍትፍት፣ ነገ ዳቦ፣ ከነገ ወዲያ አጥንት የሚበላ ውሻን ኢንሱሊን ማስተካከል አይቻልም፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያወጣው ከምግቡ ጋር አመዛዝኖ ነው። የወጥ ትራፊ ላይ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ስኳር ባይኖርባቸውም ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሴላቸውን ይጎዳል።

ለድመት የሚሻለው ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ፣ ፕሮቲኑ የበዛ ምግብ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት። የታሸገው እርጥብ የድመት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ ያነሰ ካርቦሃይድሬት አለው። ግን ኢንሱሊን እየተወጋች ምግቧን በድንገት መቀየር ስኳሯን በጣም ሊያወርደው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ነው። ወፍራም ድመት እንድትከሳ ብሎ ማስራብም አይቻልም። ለጥቂት ቀናት ያልበላች ወፍራም ድመት ጉበቷ በስብ ይሞላና ሌላ ከባድ በሽታ ያመጣባታል።

እንቅስቃሴም እንደ ምግቡ ነው፤ በየቀኑ የተመጣጠነ ይሁን። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ እሑድ ቀን እንጦጦ ላይ ሦስት ሰዓት ቢሮጥ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ስኳሩ ሲወርድ፦ ደቂቃ የሚቆጠርበት ሰዓት

ስኳር ከፍ ማለቱ ቀስ ብሎ ይጎዳል። ዝቅ ማለቱ ግን በፍጥነት ይገድላል። ምልክቶቹ፦ መድከም፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ከዚያም መንፈራገጥና ራስን መሳት።

ምን ታደርጋላችሁ?

1. ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ምግቡን ስጡት።

2. መብላት ካልቻለ ማር ወይም የስኳር ብጥብጥ ድዱ ላይ ቀቡት። ማር የሌለበት ቤት የለም፤ ቅርብ ቦታ ይቀመጥ።

3. እየተንፈራገጠ ከሆነ ጣታችሁን ጥርሱ መሐል አታስገቡ፤ አፉ ውስጥም ፈሳሽ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን ብቻ ቀቡ።

4. ቢነቃም ባይነቃም ወደ ሐኪም ውሰዱት። ማሩ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ኢንሱሊኑ ግን ለሰዓታት ይሠራል።

5. ሐኪም ሳያዩ የሚቀጥለውን መርፌ አትውጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «ስኳር የለውም» የሚል ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ። ለሰው ምንም አይደለም። የውሻ ቆሽት ግን ዛይሊቶልን ሲያይ ኢንሱሊን ይረጫል፤ ስኳሩ ይወድቃል፤ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። «ስኳር ስላለበት ስኳር የሌለው ከረሜላ እንስጠው» የሚል ሰው ካለ አስቁሙት።

ሌላው ድንገተኛ፦ ኬቶአሲዶሲስ

ኢንሱሊን በጣም ያነሰው ሰውነት ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የሚባል አሲድ ደሙን ይመርዛል። እንስሳው ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሳል፣ ይደክማል፣ በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ እንደ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ይሸታል። ይሄ ቤት ውስጥ አይታከምም። ግሉኮስ መስቀልና መርፌ መጨመርን በግምት አትሞክሩ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ።

ቤት ውስጥ መለካት

የደም ስኳር ከጆሮ ጠርዝ ወይም ከእግር መዳፍ በአንዲት ጠብታ ደም ይለካል። ለእንስሳ የተሠሩ መለኪያዎች አሉ። የሰው መለኪያ ብዙ ጊዜ በውሻና በድመት ላይ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ የምትጠቀሙት እሱን ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ቆዳ ላይ ተለጥፎ በስልክ የሚነበበው ሴንሰርም በብዙ አገሮች ለእንስሳት ይውላል።

ቁጥር ስታዩ ግን አትደንግጡ፣ በየቀኑም መጠን አትቀያይሩ። ግቡ ስኳሩን እንደ ጤነኛ እንስሳ 100 ላይ ማስቀመጥ አይደለም። ግቡ ጥሙ እንዲቀንስ፣ ክብደቱ እንዲመለስ፣ እንዳይወድቅ ነው። ትክክለኛው መጠን እስኪገኝ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መለኪያ ባይኖራችሁም የጠጣውን ውሃ፣ የበላውን፣ የወጋችሁትን ሰዓትና የሳምንቱን ክብደት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በደንብ ይዞት የነበረው ስኳር ድንገት ካስቸገረ ደግሞ የጥርስና የድድ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መኖሩ ይታይ።

በቲክቶክ ያያችሁት የድመት መድኃኒት

አሜሪካ ያሉ ተከታታዮቻችን ይህን ሰምታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ቤክሳካት የተባለ ክኒን፣ በነሐሴ 2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የተባለ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ለድመቶች ፈቅዷል። ሁለቱም ኩላሊት ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋሉ። መርፌ የሌለበት ሕክምና መሆኑ ደስ ይላል። ግን ለሁሉም ድመት አይሆንም። ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ለወሰደች ድመት አይሰጥም፤ ቀድማ ሌላ ከባድ በሽታ እንደሌለባት መመርመር አለባት፤ ስኳሯ ደህና መስሎ ኬቶአሲዶሲስ ሊነሣባት ይችላል። ለውሻ ደግሞ የተፈቀደ አይደለም። ስለዚህ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ አስልካችሁ በራሳችሁ የምትጀምሩት ነገር አይደለም።

ገንዘቡስ?

ይሄን ሳንነካ ብናልፍ ውሸት ይሆናል። ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ ምርመራና ምግብ በየወሩ ወጪ ነው፤ በየ12 ሰዓቱ ቤት የሚገኝ ሰውም ያስፈልጋል። ለሁሉም ቤተሰብ አይቻልም። ካልተቻለ ግን እንስሳውን መንገድ ላይ መጣል መፍትሔ አይደለም። ያልታከመ ስኳር በጥማት፣ በረሃብና በድካም እያሰቃየ ነው የሚገድለው። አቅማችሁን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። በርካሽ የሚገኘው ኢንሱሊን የትኛው ነው? የትኛው ምርመራ ሊቆይ ይችላል? ቤት የሚዘጋጅ ምግብ ይቻላል? ብዙ ጊዜ መሐል መንገድ አለ።

የእንስሳት ሐኪም የሚያስፈልገው ለከብትና ለበግ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብም አለ። አይደለም። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅን ጨምሮ በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ተቋማት አሉ፤ በከተሞችም ውሻና ድመት የሚያክሙ ክሊኒኮች ይገኛሉ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ

• የታዘዘው ኢንሱሊን ዩ-40 ነው ወይስ ዩ-100? ሲሪንጁስ?

• ስንት ዩኒት፣ በስንት ሰዓት?

• ካልበላ ምን እናድርግ? ግማሽ እንውጋ ወይስ እንዝለል?

• ሌሊት ቢወድቅ ማን ጋ እንደውል?

• መቼ ተመልሰን እንምጣ?

መልሶቹን ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ቤት ላሉት ሁሉ ላኩ። እንስሳው «ጠማኝ» ማለት አይችልም፤ የሚናገረው በውሃ ሳህኑ ነው። ውሻ ወይም ድመት ላለው ጓደኛችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት፤ በተለይ ሰሞኑን «ይሄ ውሻ ምን ሆኖ ነው ቤቱን በሽንት ያጥለቀለቀው?» እያለ ለሚያማርረው።